«ስልኬ ምን ሆነብኝ?»፦ የግቢያችን ሰዎች ጥያቄዎችና መልሶቼ

አራት ኪሎ አካባቢ ያለው ኮንዶሚኒየማችን በየወሩ የነዋሪዎች ስብሰባ አለው። ባለፈው እሑድ አጀንዳው ቶሎ አለቀና ሰብሳቢያችን «ስልክም ኮምፒዩተርም ያስቸገረው ካለ ይጠይቅ፣ ባለሙያው እዚሁ ነው» ብለው ዕድሉን ለእኔ ሰጡኝ። ለሁለት ሰዓት ያህል ተጠየቅኩ። ሥራዬ ጥገና ነው፤ ፒያሳ ብዙ ዓመት ሠርቼ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ የተዛወርኩ ሰው ነኝ። ያልተገኙ ጎረቤቶች «ምን ተባለ?» እያሉ ስለጠየቁኝ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ ስልኬን ማታ ሰክቼ ነው የማድረው። ባለቤቴ «ባትሪውን እየገደልሽው ነው» ይለኛል። ዜሮ ሳይገባ መሰካትስ ልክ ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ዜሮ አታስገቢው። «ጨርሶ ይለቅና ከዚያ ይሞላ» የሚለው ምክር የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው። ያኛው በግማሽ መሞላት ከለመደ አቅሙ ይቀንስ ነበር። አዲስ ስልክ ሲገዛ «መጀመሪያ 8 ሰዓት ሰክታችሁ አቆዩት» የሚባለውም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ሊቲየም አዮን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ባዶ ሆኖ መቆየትም፣ ጢም ብሎ ሞልቶ መቆየትም ይጎዳዋል። ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ቢውል ይመረጣል። ከሁሉ የከፋ ጠላቱ ግን ሙቀት ነው።

ስለ ማታው ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። ስልኩ ሲሞላ ራሱ መቀበል ያቆማል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ 100 ላይ ያድራል፤ ይህ በዓመት በሁለት ዓመት ይታያል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስልኩ የሚያድርበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ላይ ጥሎት ይተኛል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብተሽ 80 በመቶ ላይ የሚያስቆም ምርጫ ካገኘሽ ተጠቀሚበት፤ ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉትና አዳዲሶቹ ሳምሰንጎች አላቸው። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ግን ሳትሳቀቂ ሙሉ አድርጊው፤ ሕመምተኛ ቤት ካለሽ፣ ማታ የሚደወልልሽ ካለ፣ ያ ከባትሪው ዕድሜ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወዲያው አትሰኩ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት በተመላለሰ ማግስት ሱቄ የሚመጡት ስልኮች ቁጥር ሁልጊዜ ይጨምራል። ደግሞም መንገድ ላይ የሚሸጠውን ላባ የሚያህል ቀላል ቻርጀር ተዉት። ቻርጀር ውስጥ የግድግዳውን 220 ቮልት ስልኩ ከሚቀበለው ትንሽ ቮልት የሚለይ ክፍል አለ፤ ርካሹ ላይ የሚቆጠበው እዚያው ላይ ነው። ሲሰካ የብረቱ ጠርዝ እጃችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁ ቻርጀር ካላችሁ ዛሬውኑ ጣሉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባጠራቀምኩት ብር ወይ ያገለገለ አይፎን ወይ አዲስ ቴክኖ ይደርሰኛል። ጓደኞቼ ሁሉ አይፎን ይላሉ። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ከስሙ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ እስከ መቼ የሶፍትዌር ማሻሻያ ያገኛል? ባትሪው ምን ያህል ቀርቶታል? ሲበላሽ ዕቃው እዚህ ይገኛል?

አይፎኑን እንይ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 26፣ ከአይፎን 11 ጀምሮ ላሉት ብቻ ነው የተሰጠው፤ ኤክስኤስና ኤክስአር ቀርተዋል። ስለዚህ ዛሬ ኤክስአር ብትገዛ የምትገዛው መንገዱን የጨረሰ ስልክ ነው። 12 ወይም 13 ካገኘህ ሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ከመስጠትህ በፊት *#06# ደውልና የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከሴቲንጉና ከካርቶኑ ጋር አስተያይ። ከዚያ ሻጩ ፊትህ ላይ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲያስነሳው ጠይቅ። የቀድሞ ባለቤቱን አካውንትና የይለፍ ቃል ከጠየቀህ ተነስተህ ሂድ። ያ ቁልፍ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ እኔም ሆንኩ ሌላ ሐቀኛ ጠጋኝ አንከፍተውም፤ «እከፍትልሃለሁ» የሚልህም ገንዘብህን ነው የሚፈልገው። ሴቲንግ ውስጥ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት የሚለው ጋ ስክሪኑ ወይም ባትሪው ተቀይሮ ከሆነ ይጽፍልሃል። መቀየሩ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ግን «ምንም አልተነካም» ብሎ ለሸጠልህ ሰው ዋጋ መቀነሻ ነው።

ቴክኖውንም አትናቀው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ሦስቱም ትራንሽን የተባለ የአንድ የቻይና ኩባንያ ናቸው፤ ኩባንያው ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ እዚሁ አገራችን ውስጥ ይገጣጥማል። ሁለት ሲም፣ ብዙ የሚቆይ ባትሪ፣ ጠይም ፊት ሳያጠቁር የሚያነሳ ካሜራ ብለው የእኛን ሰው ፍላጎት አጥንተው ነው የገቡት። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ስክሪናቸውም በየሱቁ አለ። ድክመታቸው ማሻሻያ ላይ ነው፤ ርካሾቹ ሞዴሎች ብዙ ሳይቆዩ ይረሳሉ። ለአንተ ሦስተኛ መንገድ ልጠቁምህ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 ዝቅተኛ ዋጋ ካላቸው ስልኮች ወገን ሆኖ የ6 ዓመት ማሻሻያ ተገብቶለታል። የእኔ ገንዘብ ቢሆን ወደዚያ ነበር የምሄደው። ጓደኞችህ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየር ይሆናል፤ ስልኩን ግን ለዓመታት የምትይዘው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ስልክ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ነጋዴው ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

መልስ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ነበር የተነሳው፤ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። የስልክ ዋጋ ዶላርን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ የተገጣጠመው እዚህ ቢሆንም ዕቃው የሚመጣው ከውጭ ነው። በአንድ ምሽት ዋጋ የለወጡ ነጋዴዎች አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ያየሁት ለውጥ ሌላም ነው። ድሮ ስክሪኑ ሲሰበር «ተወው፣ አዲስ እገዛለሁ» የሚል ደንበኛ አሁን ያስጠግናል። ይህ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ፋይቭ ጂ ያለው ስልክ ልግዛ?

መልስ፦ ሌላው ነገር ሁሉ ጥሩ ከሆነ ይኑረው፤ ለእሱ ብለህ ግን አትጨምር። ለቴሌግራም፣ ለቪዲዮና ለቴሌብር ፎር ጂ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ስልኬ «ቦታ የለም» እያለ ፎቶ ማንሳት ከለከለኝ። የልጅ ልጆቼን ፎቶ ማጥፋት አልፈልግም።

መልስ፦ እማማ፣ አንድም ፎቶ አያጥፉ። ስልክዎን ተቀብዬ ሳየው ቦታውን የያዘው ቴሌግራም ነበር። በየቡድኑ የሚላከው ቪዲዮ፣ ስብከትና የበዓል ካርድ ሁሉ እርስዎ ባይከፍቱትም ራሱ እየወረደ ይከማቻል። ለሌሎቻችሁም፦ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለው ጋ ገብታችሁ የተከማቸውን አጽዱ። ከስልኩ ቢጠፋም ቴሌግራም ላይ አለ፤ ስትፈልጉ እንደገና ይወርዳል። እዚያው በራሱ የሚያወርደውንም አጥፉት፤ ጥቅላችሁም ይተርፋል። የእማማን በአሥር ደቂቃ ጨረስነው፤ ፎቶዎቹ ሁሉ አሉ።

ጥያቄ፦ ቢሮዬ ያለው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። «አበቃለት» ተባለ፤ ልጣለው?

መልስ፦ አይጣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ኮምፒዩተሩ አይቆምም፤ አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ግን አይደፈንለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ደህና የሚሠራ ስንት ላፕቶፕ ከደጅ ቀረ። ይህ ውሳኔ ያናድደኛል። ሀብታም አገር ቢሮ ሲቀይራቸው እኛ ጋ የሚመጡት እነዚሁ ናቸው፤ በእነሱ ስንት ተማሪ ተምሯል፣ ስንት ጽሕፈት ቤት ሠርቷል።

ምን ይደረግ? ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አለ፤ ከሴቲንጉ ገብተህ ተመዝገብ። ያ ጊዜ ይሰጥሃል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ወደማይሽከረከረው ፈጣን ማከማቻ፣ አስቀይረው፤ ሌላ ኮምፒዩተር ይመስልሃል። ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም መጫን ይቻላል፤ ኢንተርኔት ለሚያይና ደብዳቤ ለሚጽፍ በቂ ነው። አንተ ግን በፓወር ግዕዝ ነው የምትጽፈው፤ እሱ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በድሮዎቹ ፎንቶች የጻፍካቸው ሰነዶች ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ ፊደሉ ይዘበራረቃል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ ከገባ እኮ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ነው። አሁን ጊዜ እያለህ አስፈላጊዎቹን ወደ ዩኒኮድ ቀይራቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው «ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። ከዚያ ሂሳቤ ተነካ። ሞኝ ነኝ?

መልስ፦ በፍጹም። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ይህ ነው፤ በደንብ ተለማምደው ነው የሚደውሉት። በአጭር መልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር የቤትዎ ቁልፍ ማለት ነው፤ እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቅዎትም። ፒንም እንዲሁ። «በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ካለ ደግሞ መልእክቱን አይመኑ፤ ራስዎ *127# ደውለው ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። ተሸውደው ከሆነ ሳያድሩ ለቴሌና ለባንክዎ ያመልክቱ፣ ፒንዎን ይቀይሩ። አፍረው ዝም ያሉ ብዙ አውቃለሁ፤ ዝምታው ነው ቀጣዩን ሰው የሚያስበላው። እርስዎ በስብሰባ ላይ ተናገሩ፤ ሦስት ሰዎች ወዲያው «እኔም» አሉ።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ በስልክ ፋብሪካዎች ላይ በጣም የሚያስከፋህ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሙጫው። ፒያሳ ሥራ ስጀምር ባትሪ የሚቀየረው በጥፍር ነበር፤ ጀርባውን መክፈት፣ ማውጣት፣ መክተት። ዛሬ ስልኩን አሙቄ፣ ሙጫውን አልስልሼ፣ ስክሪኑ እንዳይሰነጠቅ ትንፋሼን ይዤ ነው የምከፍተው። ባትሪ አላቂ ነገር ነው፤ የአይፎን አምራቹ አፕል ራሱ ከአይፎን 15 በፊት ለነበሩት ስልኮቹ የሚናገረው ከ500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅም እንደሚቀር ነው። እንደሚያልቅ የታወቀን ነገር በሙጫ መዝጋት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ። ምክንያቱ ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ፤ ምክንያቱ ቴክኒካዊ መሠረት አለው። ግን ለሰው አልነገሩትም ነበር። ባትሪው ብቻ ቢቀየር የሚድን ስልክ ይዞ ስንት ሰው «አርጅቷል» ብሎ አዲስ ገዛ። ከዚያ በኋላ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረዱ፤ መጀመሪያም ይቻል ነበር ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2017 ያስጀመረው ደንብ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ሽያጩ ካቆመ በኋላም መለዋወጫው ለ7 ዓመት እንዲገኝ፣ ባትሪውም ከ800 ጊዜ ቻርጅ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲቀረው ያስገድዳል። አይፎን 15 የቻርጀር ቀዳዳውን ወደ ዩኤስቢ ሲ የለወጠውም ያው ኅብረት አንድ ዓይነት ቻርጀር ይሁን ብሎ ሕግ ካወጣ በኋላ ነው። ሕጉ ለእኛ አልወጣም። ስልኩ ግን አንድ ነው፤ ለእነሱ የተሠራው ለእኛም ይመጣል፤ ዛሬ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ገመድ እየተጠቀሙ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ቻትጂፒቲን ጠይቀው ነው የሚሠሩት። ልከልክላቸው?

መልስ፦ አትከልክላቸው፤ አብረሃቸው ተቀመጥ። መጀመሪያ ራሳቸው ይሞክሩት፣ ከዚያ ይጠይቁት፣ መልሱን ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ያስተያዩ። በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ደህና ይመልሳል፤ በአማርኛ ግን የተማረበት ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ በእርግጠኝነት እየተናገረ የሚሳሳትበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጆች ያንን ቃና እውቀት ነው ብለው ይወስዱታል።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ሰው ከተበተነ በኋላ ደረጃው ላይ ነው። አንዲት ጎረቤታችን «ያረጀው ስልካችን ጀርባው ተነፍቶ ክዳኑ ተከፍቷል፤ ልጆቹ ካርቱን ያዩበታል፣ አልጋቸው ላይ ይተኛል፤ ችግር አለው?» አለችኝ።

መልስ፦ አዎ፣ አለው። የተነፋው ባትሪው ነው፤ ውስጡ ጋዝ ይዟል፤ ቢወጋ ወይም ቢጫን ሊቀጣጠል ይችላል። አትሰኪው፣ ክዳኑን ገፍተሽ ለመግጠም አትሞክሪ፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣይው። ልጆቹ ሳይነቁ አንሺና ሴራሚክ ሳሕን ላይ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ርቆ አስቀምጪው። እኔ አሁን ወደ ላይ እየወጣሁ ነው፤ መጥቼ እወስደዋለሁ።