የበጎ አድራጎት ሥራ ከቱሉ ዲምቱ ሲፈለግ

እህታችን፣ አዲስ አበባ ዳር ካለው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጽፈሽልናል። ባለፈው ዓመት በሶሺዮሎጂ ተመርቀሽ ከ40 በላይ ለሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ማመልከቻ ልከሻል፤ አንድም ጥሪ አልመጣልሽም። ሦስት ነገር ጠይቀሻል። በነጻ ማገልገል ያዋጣል ወይስ ጉልበት ማስበዝበዝ ነው? ማስተርስ ልቀጥል? "ድርጅት ውስጥ አስገባሻለሁ" ብሎ 5,000 ብር የጠየቀኝን ሰው ልመነው?

ከመጨረሻው እንጀምር፤ አትክፈዪው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፈቃድ ያለው የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ እንኳ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል እንዲሠራ ነው ያስቀመጠው። ደህና ድርጅት ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ፈትኖ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ነው የሚቀጥረው። ሰውየው ሊሸጥልሽ የሚችለው ነገር በእጁ የለም።

ማመልከቻዎችሽ ለምን መልስ አጡ? ከላክሽልን ዝርዝር እንዳየነው አብዛኞቹ መሃል ከተማ ላሉ ትልልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ነው የተላኩት፤ የጠየቅሽው የሥራ መደብም ፕሮጀክት ኦፊሰር ነው። ይህ መደብ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ ይጠይቃል። በዚያ ላይ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካቆመና የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ከተዘጋ ወዲህ ብዙ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሥራ ፈላጊ ሆነዋል። አንቺ የምትወዳደሪው 8 እና 10 ዓመት ከሠሩ ሰዎች ጋር ነው። ዝምታው ያንቺን ዋጋ አይለካም፤ የተሰለፍሽበት ሰልፍ ግን ያንቺ አይደለም።

ብዙ ተመራቂ የማያውቀው ሌላ ምክንያትም አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲወጣ የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የጽሕፈት ዕቃ ሁሉ የሚወጣው ከዚያች 20 በመቶ ነው። በፕሮጀክቱ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ሰው ደመወዝ ግን የፕሮጀክት ወጪ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ለመጨመር እጁ ይታሰራል፤ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ለመቅጠር ግን በጀቱ ከፕሮጀክቱ ጋር ይመጣለታል። ለጀማሪ ክፍት የሚሆነው ቦታ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የማኅበረሰብ አመቻች፣ መረጃ ሰብሳቢ የሚባለው ነው። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፦ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ይህን አውቀሽ ግቢ።

ከተማ ዳር መኖርሽን እንደ ጉድለት ጽፈሽዋል። ለዚህ ሥራ ግን ጥቅም ነው። ከመሃል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሱ ቤተሰቦች ወደ ኮንዶሚኒየሞቹና እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ አዳዲስ መንደሮች መጥተዋል። ቤት ቢያገኙም ብዙዎቹ እድራቸውን፣ የዱቤ ሱቃቸውን፣ ልብስ የሚያጥቡላቸውንና እንጀራ የሚጋግሩላቸውን ደንበኞች ጥለው ነው የመጡት። ሰፊ መሬት የሚፈልጉ ማዕከላትም ዳር ላይ ናቸው፤ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዳው የመቄዶንያ ዋና ማዕከል አያት፣ አካል ጉዳተኞችን የሚረዳው የቼሻየር ኢትዮጵያ ማዕከል መናገሻ ነው። ድርጅት በየቀኑ ከመሃል ከተማ ሠራተኛ እያመላለሰ ከሚከፍል፣ ብሎኩን፣ የእድሩን ዳኛና የወረዳውን በር የሚያውቅ ሰው ቢያገኝ ይመርጣል። ኦሮምኛ ከቻልሽ በማመልከቻሽ የመጀመሪያ 3 መስመር ውስጥ ጻፊው፤ ከአቃቂ እስከ ገላን፣ ከጀሞ እስከ ሰበታ ባለው መስመር ለሜዳ ሥራ ከዲግሪ እኩል የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ካልቻልሽ ደግሞ ማስተርስ ከመመዝገብሽ በፊት እሱን ተማሪ። ማስተርሱ ይቆይ፤ ያለ ልምድ የተያዘ ሁለተኛ ዲግሪ ቀጣሪን ያጠራጥራል፤ 2 ዓመት ሜዳ ላይ ከዋልሽ በኋላ የምን ማስተርስ እንደሚያስፈልግሽም ራስሽ ታውቂዋለሽ።

አሁን በተግባር። የወረዳሽ የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂና "በዚህ ወረዳ ስምምነት ፈርመው የሚሠሩ ድርጅቶች የትኞቹ ናቸው?" ብለሽ ጠይቂ። ድርጅቶች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ስለሚሠሩ መረጃው እዚያ አለ። ሰኞ ጠዋት አትሂጂ፤ ስብሰባ ይበዛል። ከዚያ የሰፈርሽን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቂ፤ የትኛው ድርጅት በእውነት ቤት ለቤት እንደሚደርስና የትኛው ለፎቶ ብቻ እንደሚመጣ ከሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። የእድሩን ጸሐፊና የሴቶች ራስ አገዝ ቡድኖችንም አትርሺ። አንድ ራስ አገዝ ቡድን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴቶች ይይዛል፤ በየሳምንቱ ተሰብስበው ይቆጥባሉ፣ እርስ በርስ ይበዳደራሉ። ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ ቡድኖች ሲደርሱ ተወካይ ልከው የጋራ ማኅበር ያቋቁማሉ። የሚቸግራቸው መዝገቡ ነው፤ የቁጠባው ድምርና በሳጥን ያለው ብር አልገጥም ሲል ቡድኑ ይፈርሳል። ደብተሩን ለ3 ወር አብረሽ ብታስተካክዪላቸው ማንም ሊክድሽ የማይችል ልምድ ይሆናል።

በነጻ ማገልገልን በተመለከተ፦ ያዋጣል፣ ግን በውል ሲሆን። ለ3 ወር፣ በሳምንት 2 ቀን፣ የትራንስፖርት ወጪሽ ተሸፍኖ፣ ምን እንደምትሠሪና ማን እንደሚከታተልሽ በጽሑፍ ይሁን። በሳምንት 6 ቀን ሙሉ ሰዓት አስገብተው "በጎ ፈቃደኛ ነሽ" ካሉሽ ያ ሥራ ነው፤ ደመወዝ ጠይቂ ወይም ውጪ። ከመግባትሽ በፊት የምዝገባ የምስክር ወረቀታቸውን አሳዩኝ በዪ፤ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ መሆን አለበት። ገንዘብ የሚሰበስቡት በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሁን፤ በመሥራቹ የግል ሒሳብ ከሆነ ልባቸው ደግ ቢሆን እንኳ ስምሽን አብረሽ አታስይዢ።

ስትጨርሺ የምትቀበዪው ደብዳቤ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። "በትጋት አገልግላናለች" የሚል ወረቀት አይጠቅምሽም። ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ስንት ቤተሰብ እንደተከታተልሽ፣ ምን ዓይነት ሪፖርት እንዳዘጋጀሽ ይጻፍበት። ብዙ ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን ስለሚጠይቁ የበጎ ፈቃድ ደብዳቤ እንደ ሙሉ ልምድ ላይያዝልሽ ይችላል። ስለዚህ አነስተኛ ደመወዝ ሊከፍሉሽ ሲስማሙ በመዝገብ፣ ግብር ተቆርጦ እንዲሆን አጥብቀሽ ጠይቂ።

በእነዚህ 3 ወራት ልታዳብሪው የሚገባው ዋና ችሎታ የጉብኝት ማስታወሻ መጻፍ ነው። ጀማሪ እንዲህ ይጽፋል፦ "እማወራዋ በጣም ችግረኛ ናት፤ ልጆቿ ተጎድተዋል፤ አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልጋታል።" ይህን ያነበበ አስተባባሪ ያዝናል፣ ግን የሚያደርገውን አያውቅም። እንዲህ ቢሆንስ፦ "4ኛ ፎቅ፣ ተከራይ። እማወራ፣ 31 ዓመት፣ 3 ልጆች። ገቢ፦ ልብስ አጠባ፣ በሳምንት 2 ቀን። የ2 ወር ኪራይ አልከፈለችም። የ14 ወር ሕጻን የክንድ ዙሪያ ልኬት 11.9 ሳ.ሜ.። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዛሬ በስልክ ነግሬያለሁ፤ እናትየዋ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ድጋሚ ጉብኝት፦ ኅዳር 12።" ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ሕጻን የክንድ ልኬቱ ከ12.5 ሳ.ሜ. በታች ከሆነ መካከለኛ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። 11.2 አንብበሽ ቢሆን ኖሮ "ነገ" አይባልም፤ አብረሽ ተነስተሽ ትሄጃለሽ። ቁጥር፣ የተደረገ ነገር፣ የሚመለሱበት ቀን፤ እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት ማስታወሻ ለቤተሰቡ ምንም አያመጣለትም። በጉብኝት ላይ ደግሞ "ይሰጣችኋል" አትበዪ፤ አንድ ያልተፈጸመ ተስፋ የብሎኩን በር ሁሉ ይዘጋብሻል። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ፎቶ አታንሺ፤ የሕጻንን በተለይ።

ሁለተኛው ችሎታ የተረጂዎችን ዝርዝር መያዝ ነው። ግጭት የሚነሳው እዚህ ነው። በፊደላችን "ኃይሌ" እና "ሀይሌ"፣ "ጸሐይ" እና "ፀሀይ" ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ዘይት ስትወስድ ጎረቤቷ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው፤ ድግግሞሽ የምትፈልጊው በስም ሳይሆን በስልክና በቤት ቁጥር ነው። ተከራይ ኪራይ ሲጨመርበት ቤት ስለሚቀይር ዝርዝሩን ከእደላው በፊት ባለው ሳምንት እንደገና አጣሪ። የዘመን አቆጣጠሩም አለ፦ በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ "2010" ተብሎ ብቻ ከገባ ሪፖርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሠራ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይተልቃል፤ ከሕጻናት ፕሮግራም የሚሰረዘውም በዚህ ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትጽፊ ዓመት አታስገቢ። በስልክ መረጃ መሰብሰብ ከፈለግሽ ኮቦ የሚባለውን መተግበሪያ ተለማመጂ፤ ኔትወርክ በሌለበትም መመዝገብ ይቻላል። 12 ጥያቄ ያለው ቅጽ ራስሽ ሠርተሽ በሠፈርሽ 10 ቤት ሞክሪው።

የገንዘብ ነገር ባትማሪም መነሻውን እወቂ። 3,000 ብር ለትንንሽ ወጪ ቢሰጥሽ፣ በማንኛውም ሰዓት የደረሰኙ ድምርና በእጅሽ ያለው ብር 3,000 መምጣት አለበት፤ 2,340 ብር ደረሰኝ ካለሽ 660 ብር በእጅሽ ይኑር። ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካልተጻፈ ሒሳብ ክፍል ይመልስብሻል። ዱቄት ላወረደ ወዛደር ደረሰኝ አይገኝም፤ ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ፊርማውን ይዘሽ ኃላፊ ያጽድቅልሽ። ንብረትና ገንዘብ ለሚይዝ መደብ ተያዥ ስለሚጠየቅ ማን ሊዋስሽ እንደሚችል ከወዲሁ አስቢ።

ለፈተና ስትጠሪ በተደጋጋሚ የሚመጣ ጥያቄ ይህ ነው፦ "የ50 ሰው ድጋፍ መጥቷል፤ የተመዘገበው 80 ነው። ምን ታደርጊያለሽ?" "ለሁሉም አካፍላለሁ" ካልሽ ወደቅሽ፤ ለ50 የተሰላ ራሽን ለ80 ሲሸነሸን ለማንም አይበቃም፣ ለጋሹም ከተስማማው ውጪ ነው የሚሆነው። መስፈርቱን አስቀድመሽ እንደምታሳውቂ፣ ከእድር፣ ከሴቶችና ከአካል ጉዳተኞች ተወካይ ያለበት ኮሚቴ እንደሚመርጥ፣ የኮሚቴ አባል ዘመዱ ሲቀርብ ከውሳኔው እንደሚወጣ፣ ቅሬታ የሚሰማበት ቀን እንዳለ፣ የቀሩት 30 ሰዎች በየትኛው ሌላ አገልግሎት እንደሚታዩ ተናገሪ።

ውል ሲሰጡሽ የፕሮጀክቱን ማብቂያ ቀን ፈልጊ። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ጡረታም ጠይቂ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች መዋጮ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። በ10,000 ብር ደመወዝ ካንቺ 700 ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 1,100 ይጨምራል። ጡረታ ከሌለ የፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛውና አሠሪው የሚያዋጡበት የቁጠባ ገንዘብ) ስለመኖሩ በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ።

የቃለ መጠይቅ ጥሪ በኢሜይል ሲመጣ "9:00" የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት? ደውለሽ አጣሪ። የጠዋት ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ያዢ፤ ቃሊቲ ላይ የሚጠብቅሽን መጨናነቅ ታውቂዋለሽ።