ጥያቄና መልስ፦ ቀለም የተቀባ የድሮ ፎቶ ለሞዴል ቀለም ይሆናል?

ከመጀመራችን በፊት፦ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ ፎቶ ማስረጃ አይደለም። የሞዴላችሁን፣ ማለት አሳንሳችሁ የምትሠሩትን አውሮፕላን፣ ታንክ ወይም መርከብ፣ ቀለም ከእሱ ላይ አትምረጡ። አሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላን በ1/48 መጠን እየሠራሁ ነው። ፎቶው ላይ የክንፉ ክብ ምልክት መሐሉ ጥቁር፣ ዳሩ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ቀለሙን ቀይረውት ነበር?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። አልቀየሩትም። መሐሉ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ዳሩ ሰማያዊ ነው። ያሳሳተህ ፊልሙ ነው። ያኔ በብዛት ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ (ባጭሩ ኦርቶ) ፊልም ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይቀበላል፤ ቀይ አይነካውም። ስለዚህ ቀዩ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ይነጣል፤ ቢጫም እንኳ ከጠበቅኸው በላይ ሊጠቁር ይችላል። ፓንክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ግን ሁሉንም ቀለም ያያል። ስለዚህ ፎቶ ስታገኝ መጀመሪያ ቀለሙ የታወቀ ነገር ፈልግበት፤ ምልክት፣ ባንዲራ። ቀዩ ከሰማያዊው እጅግ ከጠቆረ ፊልሙ ኦርቶ ሳይሆን አይቀርም። የቀረውን አካል ማንበብ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ ፎቶ ቀለም ለመቀባት የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?

መልስ፦ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከሆነ የወደድከው። ለሞዴል አንዱም።

ጥያቄ፦ ፎቶ የሚቀባው ኤአይ እኮ ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ አይቶ ነው የተማረው። እንዴት ይሳሳታል?

መልስ፦ በቁጥር ላሳይሽ። ባለቀለም ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር በተለመደው ስሌት ከቀዩ 0.299፣ ከአረንጓዴው 0.587፣ ከሰማያዊው 0.114 ተወስዶ ይደመራል። ከ0 እስከ 255 በሚለካው፣ 200 ንጹሕ ቀይ 59.8 ይሰጣል። 102 ንጹሕ አረንጓዴ 59.9 ይሰጣል። ሁለቱም ያው 60 ግራጫ ናቸው። እስቲ ያንን 60 ይዘሽ ወደ ኋላ ተመለሺ፤ ቀይ ነበር ወይስ አረንጓዴ? ሣርና ሰማይ ላይ ግምቱ ይሳካለታል፤ የጦር መሣሪያ ቀለም ግን የወጣው በትእዛዝ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ቀለሙ ተወግዶ ግራጫ ከተደረገ ዘመናዊ ፎቶ ስለሆነ፣ የኦርቶን ጥቁር ቀይ ጥቁር ብሎ ያልፈዋል።

አንድ አባል፦ የጀርመን ታንኮች ግን በ1939 እ.ኤ.አ. ግራጫ ብቻ ነበሩ። ፎቶው ሁሉ ይመሰክራል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ አይደለም። እስከ 1940 ደንቡ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ሲሶው ጥቁር ቡኒ ነበር።

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ቡኒው የት አለ? መቶ ፎቶ አይቻለሁ።

ሁለተኛው፦ መቶውም ጥቁርና ነጭ ነው!

መልስ፦ ሁለተኛው ልክ ነው። የሁለቱ ቀለሞች ድምቀት ስለሚቀራረብ ፎቶ ላይ አንድ ይሆናሉ። ብዙዎቻችን ለዓመታት ግራጫ ብቻ የቀባነው በዚህ ነው። ስለ ታንክ ይብቃን፣ ወደ ፎቶው እንመለስ።

ጥያቄ፦ የመርከብ ፎቶ አለኝ፤ ቀለሙ ምንድነው?

መልስ፦ የቱ መርከብ? የየት አገር? በስንት ዓመተ ምሕረት? ይህን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ በኤአይ ቀባሁት፤ ያምራል። ልጠቀምበት?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አትጠቀም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከየት እናምጣ?

መልስ፦ ከቀለም ትእዛዙ፣ ከቀለም ካርዱ፣ ቀለሙ ሳይነካ ከተረፈ ቁራጭ። እውነተኛ የቀለም ፎቶም አለ፤ አውቶክሮም ከ1907 እ.ኤ.አ.፣ ለፎቶ ካሜራ የሚሆነው ኮዳክሮም ከ1936 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ሲታተምና ስካን ሲደረግ ግን ቀለሙ ይዛባልና እሱንም በጥንቃቄ። ጥቁርና ነጩን መጠቀም ከፈለጋችሁ ሥራውን ገልብጡት። የገመታችሁትን ቀለም ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ቀቡ፣ የምልክቱን ቀይና ሰማያዊም አጠገቡ ቀቡ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡ፣ ፊልሙ ኦርቶ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ቀዩን ቻናል (የፎቶውን የቀይ ብርሃን ክፍል) አጥፉና ወደ ግራጫ ቀይሩት። ከድሮው ፎቶ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ግምታችሁ ተሳስቷል። ከገጠመ፣ ሊሆን ይችላል እንጂ ተረጋገጠ አይባልም።

ጥያቄ፦ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ቻናል ስንት ስንት ልውሰድ?

መልስ፦ የቀባኸው ቀይና ሰማያዊ ፎቶው ላይ ካሉት ጋር እስኪመሳሰሉ ድረስ እያፈራረቅህ ሞክር። ሦስተኛውን፣ የገመትከውን ቀለም የምታየው ከዚያ በኋላ ነው።