አንቀጽ 6 ሳይለወጥ አትፈርሚ

ውድ እህቴ፣

ኮምቦልቻ የማስተርስ ጥናትሽን እየሠራሽ መሆኑን፣ ከማሽላ አገዳ ባዘጋጀሽው ከሰል የማቅለሚያ ፍሳሽ የምታጣሪበትን ሙከራ አንድ ፋብሪካ በገንዘብ ሊደግፍ መስማማቱን፣ ስትመረቂም ሥራ እሰጥሻለሁ ማለቱን ጽፈሽልኛል። ውሉ እንቅልፍ ቢነሳሽም አባትሽ «ያጎረሰ እጅ አይነከስም፤ ፈርሚ» ብለውሻል።

የላክሽልኝን ሦስት ገጽ ደጋግሜ አነበብሁት። አንቀጽ 4 የጥናቱን ውጤትና ከእርሱ የሚገኘውን ፈጠራ ሁሉ ለፋብሪካው ይሰጣል፤ አንቀጽ 6 ደግሞ ያለ ፋብሪካው ፈቃድ ማሳተምን ያለ ጊዜ ገደብ ይከለክላል። እኔን ያስቆጣኝ ሁለተኛው ነው።

ስለ ባለቤትነቱ ፋብሪካው ከሕግ የራቀ ነገር አልጠየቀም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 በአገልግሎት ወይም በቅጥር ውል የተሠራ ፈጠራ፣ ውሉ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፣ ለአሠሪው ወይም ሥራውን ላዘዘው ወገን እንዲሆን ስለሚደነግግ፣ ዝም ያለ ውል ለአንቺ አያደላም። ቃላቱንም መዝኚ፤ «ለማስተላለፍ ተስማምቻለሁ» እና «በዚህ ውል አስተላልፌአለሁ» አንድ አይደሉም፤ ፊተኛው ወደፊት ለመስጠት ቃል መግባት ሲሆን ኋለኛው መብቱን አሁኑኑ ያሳልፋል። አንድ የስታንፎርድ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው በፊተኛው፣ ሙከራ ሊማር ለሄደበት ኩባንያ በኋለኛው ዓይነት ቃል ፈርሞ ስለነበር፣ ዩኒቨርሲቲው የኩባንያውን መብት ከገዛው ከመድኃኒት አምራቹ ሮሽ ጋር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ተረታ።

ወደ አንቀጽ 6 ልመለስ። ፈጠራ አስቀድሞ በይፋ ከተገለጠ አዲስነቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ ፋብሪካው የፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት) ማመልከቻ እስኪያስገባ ሁለት ሦስት ወር ታገሺ ቢልሽ ተገቢ ነው። ወሰን የሌለው ዝምታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፓተንት ባለቤት እንኳ የ15 ዓመት ብቸኛ መብት የሚያገኘው አሠራሩን ለሕዝብ በመግለጡ ነው። ደግሞስ ከሰሉ የያዘውን ቀለም መልሶ የሚለቅ ሆኖ ብታገኚው፣ ይህ እንዲነገር ማን ይፈቅድልሻል?

ወደ ማስተማር ከመግባቴ በፊት በአንድ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አለቆቼን ያላስደሰተ አንድ ዘገባዬ ሰማያዊ አቃፊ ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት፤ ተመሳሳይ ቃል ፈርሜ ስለነበር ለመምህርነት ሳመለክት በእጄ የማሳየው አንድ ገጽ አልነበረኝም። ይህ ቂም ፍርዴን አዛብቶት ይሆናል፤ ምክሬን ግን አልለውጥም።

አባትሽን አከብራለሁ፤ ሆኖም ፋብሪካው እየገዛ እንጂ እያጎረሰሽ አይደለም። ተስፋ የተሰጠሽ ሥራም በሦስቱ ገጾች ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አልተጻፈም።

ውሉን ለአማካሪሽ አሳዪ፤ መሣሪያው የተቋሙ ስለሆነ ተቋሙም ተዋዋይ ይሁን። አንቀጽ 6 «ረቂቁ በደረሰው በ90 ቀን ውስጥ ፋብሪካው መልስ ካልሰጠ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል» ተብሎ ይስተካከል፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በጉባኤ ፊት መከላከልሽ እንደማይታገድ፣ ስምሽም በፈጠራ ሠሪነት እንደሚጠቀስ ይጻፍ። የሙከራ ደብተርሽን ገጽ በገጽ ቀን ጽፈሽ አማካሪሽን አስፈርሚ።

አዲስ አበባ ስለመሄድና ስለ ዶክትሬት የጠየቅሽኝ ከምረቃ በኋላ የሚደርስ ነው። ፋብሪካው አሻፈረኝ ካለ ሙከራውን አሳንሰሽ ሥሪው፤ ምድጃው የተቋሙ ነው፣ አገዳውም ከመኸር በኋላ በየማሳው አለ።