የጦማር ፍለጋ ሞተሮች ለነጋዴ ጦማሪ ምን ትርጉም አላቸው? ጥያቄና መልስ

ለንግዳቸው ጦማር (ብሎግ) የሚጽፉ ሰዎች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጦማር ፍለጋ ሞተር ከተለመደው የፍለጋ ሞተር በምን ይለይ ነበር?

መልስ፦ በዋናነት በፍጥነቱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተራው የፍለጋ ሞተር ድረ ገጾችን በራሱ ጊዜ እየዞረ ይመዘግብ ስለነበር አዲስ ጽሑፍ በውጤቱ ውስጥ እስኪታይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፉ ነበር። ዴቭ ሲፍሪ በ2002 የመሠረተው ቴክኖራቲና መሰሎቹ ግን ጦማሩ ራሱ እንዲያሳውቃቸው ያደርጉ ነበር፤ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር የጦማሩ ሶፍትዌር «ፒንግ» የተባለ አጭር መልእክት ይልካል፣ ሞተሩም ወዲያው መጥቶ ጽሑፉን ያነባል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለነጋዴው ገዢ ያመጡለት ነበር?

መልስ፦ በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅማቸው ገዢ ማምጣት ሳይሆን ስለ ንግዱ የሚወራውን ቶሎ ማሰማት ነበር። በመስከረም 2004 ክሪፕቶናይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጣቸው የብስክሌት ቁልፎች በተራ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ የሚያሳይ ቪዲዮ በጦማሮች ተሰራጨ፤ ወሬው በቀናት ውስጥ ወደ ታላላቅ ጋዜጦች ተሻገረ፣ ኩባንያውም ቁልፎቹን በነጻ ለመቀየር ተገደደ። በማግስቱ ዓመት ጋዜጠኛው ጄፍ ጃርቪስ ዴል ስለሸጠለት ኮምፒውተርና ስለተሰጠው አገልግሎት በጦማሩ ያሰማው ምሬት የብዙ ደንበኞችን ተመሳሳይ ምሬት ቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ የድርጅትን ስም በጦማር ፍለጋ ሞተር ውስጥ በየዕለቱ መፈተሽ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ መደበኛ ተግባር ሆነ። የራሱ ጦማር ያለው ነጋዴ ደግሞ ወሬውን በሰማበት ቀን በራሱ አንደበት መልስ መስጠት ይችል ነበር፤ ጦማር ለንግድ ዋጋ የነበረው፣ ከሽያጭ ማስታወቂያነቱ ይልቅ፣ በዚህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የጦማርን ተሰሚነት የሚለኩት እንዴት ነበር?

መልስ፦ ቴክኖራቲ ባለፉት ስድስት ወራት ወደ እርስዎ ጦማር ሊንክ ያደረጉ ሌሎች ጦማሮችን ይቆጥር ነበር። የድሮ ዝና አያዋጣም ማለት ነው፤ መልካም መለኪያ ነበር፣ ግን ሊንክ የሚቸበችቡ ሐሰተኛ ጦማሮችንም እንደ አሸን አፈላ።

ጥያቄ፦ አሁን የት ደረሱ?

መልስ፦ ሌላው የጦማር ፍለጋ ሞተር ብሎግፐልስ በ2012 ተዘጋ፤ ቴክኖራቲም በ2014 ጦማር መመዝገቡን አቆመ። ጎግል በ2005 የከፈተውን የጦማር ፍለጋ ገጹንም ዘግቶታል። አንደኛው ምክንያት ሐሰተኛ ጦማሮቹ ሲሆኑ፣ ሌላው ጨዋታው ወደ ፌስቡክና ትዊተር መሄዱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጎግል ራሱ አዲስ ጽሑፍን በደቂቃዎች ውስጥ መመዝገብ ስለቻለ የተለየ ሞተር የሚያስፈልግበት ምክንያት ተመናመነ።

ጥያቄ፦ የሱቄ ስም አማርኛ ነው፤ ማን ምን እንዳለ ዛሬ በምን ልከታተል?

መልስ፦ የፈለጉት ቃል በድረ ገጾች ላይ ሲወጣ በኢሜይል በሚያሳውቀው ጎግል አለርት ላይ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡ። ነገር ግን አንድ አጻጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ሱቅዎ «ፀሐይ» ቢባል ደንበኞችዎ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሀይ» ብለውም ይጽፉታልና ለእያንዳንዱ፣ በላቲን ፊደል ለሚጻፈውም ጭምር፣ የየራሱን ማሳሰቢያ ይክፈቱ። በኢትዮጵያ ብዙው ወሬ በቴሌግራም ስለሚዘዋወር የሕዝብ ቻናሎችን በዚያው መተግበሪያ ውስጥ ይፈልጉ። በዝግ ቡድኖች የሚባለውን ግን የትኛውም ሞተር አያመጣልዎትም፤ እዚያ ያለ ደንበኛዎን መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ፒንጉንስ ላጥፋው?

መልስ፦ የጦማር ሶፍትዌሩ ዎርድፕረስ እስካሁን በራሱ ይልከዋል፣ አይጎዳዎትም፤ ይተዉት። ጊዜ ካለዎት የገጾችዎን ዝርዝር ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል ቢያስመዘግቡ ይሻላል።