ስለቴን አስገባሁ፤ ልጄ ግን ተመለሰበት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የመጀመሪያ ልጄ ባጃጅ ይነዳል። በጫት ጀመረ። ከዚያ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለማብረድ፣ እያለ መጠጥ ለመደ፤ አሁን ደግሞ ትራማዶል የሚሉት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ተጨመረበት። አምና ታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል ወስጄ «ሁለተኛ አልነካም» ብሎ እንዲምል አደረግኩት። እኔም «ከተወልኝ ጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ተወ። ሐምሌ ላይ ጥላውን አስገባሁ። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ተመለሰበት። አሁን ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስለው «መሐላ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ገብርኤል ይቀስፈኛል» ይላል። ስለቴ አልተሰማም ማለት ነው? ጠበል ላስገባው ስል ደግሞ የሐኪም መድኃኒትና ጠበል አብሮ አይሄድም ይሉኛል። የባጃጁን ገቢ ሲያጎድል ለባጃጁ ባለቤት የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ካልከፈልኩ ይሰርቃል ብዬ እፈራለሁ። ታናሽ እህቱም ዝም ብላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ የስለቱን ነገር እንጨርስ። ዕዳ የለብዎትም። «ከተወልኝ» ብለው ተሳሉ፤ ልጁ ተወ፤ እርስዎም ቃልዎን ፈጸሙ። በዚያው አለቀ። ጥላው ምስጋና ነው፤ የዕድሜ ልክ ዋስትና አይገዛም። ልጅዎ ጤነኛ ሆኖ የዋለባቸው እነዚያ ወራትም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ነበሩ። አሁን ስለወደቀ አይሰረዙም።

እኔን የከነከነኝ የልጁ መሐላ ነው። እዚህ አካባቢ የተለመደ ነገር ነው። ልጅ ሱስ ያዘው ሲባል ቤተሰብ ተሰብስቦ ይወስደዋል፣ ያስምለዋል፣ ይዞት ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ይህን ልማድ አልወደውም። ሰው የሚሳለው ራሱ የሚያደርገውን ነው። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የራሳቸውን ስለት ለመፈጸም ነው ይባላል። ሐናም ሳሙኤልን ስትሳል እሷው ወስዳ ልትሰጠው ነው። ልጅዎ ግን የማለው እናቱ እያለቀሰች፣ ሰው ቆሞ እያየው ነው። እምቢ ማለት ይችል ነበር? ጌታም «ከቶ አትማሉ» ብሏል፤ ማቴዎስ 5፥34 ላይ ያገኙታል።

መሐላ ማፍረስ ኃጢአት ነው። ንስሐ ያለው ኃጢአት ነው። ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፣ ቀኖናውን ይቀበል። ሌላ መሐላ ግን አያስምሉት። ገብርኤል ይቀስፈኛል ላለው ታኅሣሥ 19 ምን እንደምናከብር ያስታውሱት፤ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን፣ ሦስቱን ወጣቶች፣ ከእሳት ያወጣበትን ቀን ነው። እሳት ውስጥ ያለ ልጅ ከዚህ መልአክ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም።

ለምን ተመለሰበት? ሱስ የሚመለስ ሕመም ስለሆነ ነው። ጫት ሲቀር ድብርቱ፣ እንቅልፉ፣ ዱካኩ (ቅዠቱ) ይመጣል። ይህ በጊዜ ይቀላል። ሐራራው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይነሳል። ጫቱ ከአወዳይ ትኩሱን ይገባል፣ አብረውት የሚቅሙት የበርጫ ጓደኞች እዚያው ናቸው፣ ባጃጁም የሚቆመው በዚያው ሰፈር ነው። ልጁ ማለ እንጂ ከእነዚህ አንዱም አልተቀየረም። (በነገራችን ላይ ጫትን የሌላ ሃይማኖት ጉዳይ አድርገን የምናወራውን ብንተው ጥሩ ነው። በርጫው ላይ ማዕተብ ያሰረውም ብዙ ነው።)

ጠበልና የሐኪም መድኃኒት አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ሊሞትም ይችላል። ትራማዶልም በሐኪም ቁጥጥር ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ልጁ ጠበል ቦታ ሆኖ ሲንፈራገጥ «ርኩስ መንፈስ ነው» ተብሎ ዝም ቢባል በእጅዎ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰዱት። የሚወስደውን ሁሉ፣ መጠኑንም ጭምር፣ ሳይደብቁ ይናገሩ። ከዚያ ጠበሉን ይጠጣ፣ ይጠመቅ። ለአጥማቂውም መድኃኒት ላይ መሆኑን ይንገሩ። መድኃኒትህን ጣል የሚል ካጋጠመዎ ሌላ ቦታ ይሂዱ። አንድ ነገር ደግሞ ልጁ ራሱ ይወቅ፦ ለወራት ትቶ የቆየ ሰው በድሮው መጠን ትራማዶል ቢውጥ ሰውነቱ አይችለውም፤ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

የባጃጁን ገቢ መክፈልዎን ያቁሙ። ይህ ለእናት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የጠፋውን ልጅ ታሪክ ግን ሉቃስ 15 ላይ እንደገና ያንብቡት። ልጁ ሩቅ አገር ሳለ አባቱ ገንዘብ አልላከለትም። «የሚሰጠውም አልነበረም» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ወደ ልቡም ተመልሶ» የሚለው ነው። እርስዎ በየማታው ሲከፍሉለት ያንን ቀን እያራቁበት ነው። ምግብ አይከልክሉት። መኝታ አይከልክሉት። ሲመጣ ያው አባት እንዳደረገው ሮጠው ይቀበሉት። ጥሬ ገንዘብ ግን አይስጡት፤ ዕዳውንም አይክፈሉለት። ባለቤቱ ባጃጁን ቢቀማውስ? ይቀማው። ትራማዶል ውጦ ተሳፋሪ ከሚጭን ያ ይሻላል። ይሰርቃል ላሉት፣ አዎ፣ ሊሞክር ይችላል። ወርቅ ካለዎት የሚያምኑት ዘመድ ጋ ያስቀምጡት። ቢሰርቅም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ሕዝቅኤል 18 አባት የልጁን ኃጢአት አይሸከምም ይላል፤ እናትም አትሸከምም።

ስለ ሴት ልጅዎ የጻፉልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። ዝም ያለ ልጅ ደህና ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ወንድሟ እስኪገባ ጆሮዋን አቁማ የምታድረው እሷ ናት። ጓደኛ ቤት አታመጣም፤ ቢያስከፋትም ለእናቷ ጭንቀት አትጨምርም። ለባጃጁ ይከፍሉት የነበረውን ገንዘብ ለእሷ ትምህርት ያውሉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ቡና ጠጡ። ስለ ወንድሟ አያንሱባት። እሷ ካነሳች ግን ይስሟት።