መልስ፦ መቃኑ ላይ ደጋግሞ የሚወጣው የጭቃ መስመር

ወንድሜ፣ አዳማ ያለው ጭቃ ቤትህ የበሩ መቃን ላይ ምስጥ ወጣ፣ ነጭ ጋዝ ብቀባውም ተመለሰ፣ ምን ላድርግ ብለሃል። መመለሱ አይገርምም። በጋዙ ያለቁት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ንግሥቲቱ አፈር ውስጥ ሆና እንቁላሏን ትጥላለች።

ምስጥ ፀሐይና ደረቅ አየር አይችልም። ከመሬት እስከ እንጨቱ በጭቃ የተሸፈነ መንገድ የሚሠራው ለዚህ ነው። ከመስመሩ ትንሽ ሰብረህ ተወው። በጥቂት ቀናት ከጠገኑት፣ አሁንም እየሠሩ ነው። መቃኑንና ምሰሶዎቹን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርግ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ ተበልቷል። ከላይ ቀለሙ ደህና መስሎ ይሸውድሃል።

ቀጥሎ እርጥበቱን አጥፋ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ አሠራ፤ የጣራው ውኃ ግድግዳው ሥር አይውረድ። ማገዶና ካርቶን ከግድግዳው አርቅ። የተበላውን ምሰሶ ስትቀይር አዲሱን አፈር ውስጥ አትትከለው፤ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቁም። የሐበሻ ጥድ ካገኘህ ከባሕር ዛፍ አጣና በጣም ይሻላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። የተቃጠለ ዘይት ቀባ የሚሉህ ይኖራሉ። ለጊዜው ያግዛል፤ ሽታውና አፈር መበከሉ ግን ለእኔ አይጥመኝም።

መድኃኒቱን ሙያተኛ ይሥራው። በግድግዳው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ውስጥ መግባት አለበት። ግቢህ የጉድጓድ ውኃ ካለ አስቀድመህ ንገረው። ከእርሻ የተረፈ ፀረ ተባይ መኝታ ቤት መርጨት ግን፣ አደራህን፣ እንዳታስበው።