40ኛ ገጽ ላይ ስክሪፕቱ ለቆመበት ልጅ፡ መጀመሪያ የቦሱን እቅድ ጻፍ

ሰላም ወንድማለም። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። እዚሁ ጎንደር ላይ የሚሆን አክሽን ትሪለር እየጻፍክ ነው፣ አክተሩ ድሮ ወታደር የነበረ አሁን ቱሪስት የሚያስጎበኝ ልጅ ነው፣ ከቤተክርስቲያን ዕቃ ቤት የተሰረቀ ብራና ሊያስመልስ ይነሳል፣ መጨረሻው ጥምቀት ላይ ነው፣ 14 ካራክተር አለህ፣ 40ኛ ገጽ ላይ ደርሰህ አልሄድ ብሎሃል። የጠየቅከው ትዊስቱን የት ላስገባ፣ ካራክተርስ በዝቶብኛል ወይ ነው። ከመለሱልህ ውስጥ ብዙዎቹ ፋይት ጨምርበት ብለውሃል፣ እኔ በዚህ አልስማማም።

እዚሁ ከተማ ከጓደኞቼ ጋር አጫጭር ፊልም ስንሰራ ስክሪፕቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሌሎች ልጆችም ይልኩልኝና አነባለሁ፣ እና 40ኛ ገጽ አካባቢ የሚቆም አክሽን ብዙ አይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያው ነው፣ ቦሱ፣ ማለትም ዋናው ክፉ ሰው፣ ስራ የለውም። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ዙሪያውን ጎረምሳ አቁሞ፣ አክተሩ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አክተሩ ደግሞ አንዱን ይደበድባል፣ አድራሻ ይቀበላል፣ ሌላው ጋ ይሄዳል፣ እሱንም ይደበድባል፣ ሌላ አድራሻ። ይሄ አርባ ገጽ ድረስ ይወስድሃል ከዛ በኋላ ራስህም ይሰለችሃል፣ የቆምከው ለዛ ነው።

በአክሽን ትሪለር ታሪኩን የሚነዳው ቦሱ ነው። እቅድ ያለው እሱ ነው፣ ቀን የቆረጠው፣ ብር የከፈለው፣ ሰው ያሰማራው እሱ ነው፣ አክተሩ የዛን እቅድ ዱካ እየተከተለ ያበላሻል እንጂ። ስለዚህ ስክሪፕቱን ዝጋውና ባዶ ወረቀት ላይ የቦሱን እቅድ ብቻ ጻፍ፣ አክተሩ ጭራሽ ባይኖር ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ምን ይሆን ነበር ብለህ፣ ማን ምን ይሰራል፣ በስንት ሰዓት፣ በማን መኪና፣ ገዢው ማነው፣ ምን ቢበላሽ ምን ያደርጋሉ። ያ ወረቀት ሳይኖር ገጽ 41ን እንዳትነካው።

ዳይ ሃርድን (1988) አይተኸው ይሆናል፣ ካየኸውም አሁን የቦሱን ስራ ብቻ እየተከተልክ ድጋሚ እየው። ቦሱ ሃንስ ግሩበር ህንጻውን የያዘው አሸባሪ መስሎ ነው፣ የሚፈልገው ግን ካዝናው ውስጥ ያለውን 640 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ነው። ካዝናው ብዙ መቆለፊያ አለው፣ ሌላውን ሰዎቹ ራሳቸው ይከፍቱታል፣ የመጨረሻው ግን የህንጻው መብራት ካልተቆረጠ አይከፈትም፣ ያንን ደግሞ እነሱ መቁረጥ አይችሉም። ታዲያ ማን ቆረጠላቸው? ኤፍቢአይ፣ የአሜሪካ ፌደራል ፖሊስ! አሸባሪ ህንጻ ሲይዝ መብራት ቁረጥ የሚል አሰራር ስላላቸው ቆረጡት፣ ግሩበር ደግሞ ይህን ከመጀመሪያ ጀምሮ አውቆ ሲጠብቃቸው ነበር። የመንግስት ሃይል መምጣቱ ራሱ የቦሱ እቅድ ውስጥ ያለ ነገር ነው። አክተሩ ማክሌን እዚህ ሁሉ መሀል ሚስቱን ሊያይ መጥቶ የገባ ያልታሰበ ሰው ነው፣ እቅዱ ውስጥ ቦታ ስላልነበረው ነው የሚያበላሸው።

አሁን ወደ አንተ እንምጣ። ብራናው ገጽ 10 ላይ ተሰርቆ ቦሱ እስከ ጥምቀት ምን ይሰራል? የሰረቀ ሰው በማግስቱ ከከተማ ይወጣል እኮ። ለምን ጥምቀት የሚለውን መመለስ አለብህ፣ መልሱም እዚሁ አጠገብህ ነው። ጥር 10 ከሰዓት ከተራ ነው፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባህር ይወርዳሉ፣ ካህኑም ህዝቡም ፖሊሱም አብሮ ይወርዳል፣ እዛው ይታደራል፣ ጥር 11 ከጥምቀቱ በኋላ ነው የሚመለሰው፣ የሚካኤል ደግሞ ጥር 12። ሆቴሉ በሙሉ እንግዳ ነው፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ብራና ይዞ ለመጥፋት ከዚህ የተመቸ ቀን የለም። ስለዚህ ገጽ 10 ላይ የሚጠፋው ሙሉ መጽሐፉ አይሁን፣ አንድ የብራና ቅጠል ብቻ ተቆርጦ ይጥፋ፣ ገዢው እውነተኛ መሆኑን እንዲያይ የተላከ ናሙና። ሙሉ መጽሐፉ የሚወጣበት ቀን የተቆረጠው ለከተራ ነው። አየህ አሁን ሰዓት መቁጠር ተጀመረ፣ ተመልካቹ ቀኑን በልቡ የሚያውቀው ቀን ነው፣ ስክሪን ላይ ቁጥር መጻፍ እንኳ አያስፈልግህም።

ለቦሱም ችግር ስጠው። ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት በህግ ክልክል ነው፣ አዘዞ ኤርፖርት ፍተሻ አለ፣ ስለዚህ ሻንጣውን ማንም የማይጠረጥርበት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ማነው? ቱሪስት ይዞ ሁልጊዜ ኤርፖርት የሚመላለሰው፣ ፈታሾቹ በስሙ የሚጠሩት አስጎብኚ! አክተርህ! ሳያውቀው የእቅዱ አካል ነው። ለምን ሌላ ሰው ሳይሆን እሱ የሚለው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ፣ አሁን ባለው ስክሪፕትህ ግን ወታደር ስለነበረ ብቻ ነው የገባበት፣ ያ ደካማ ነው።

ስለ ገጽ አቆጣጠር። ሲድ ፊልድ የሚባል የስክሪፕት አስተማሪ በ1979 ባወጣው መጽሐፍ ላይ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ እየተባለ 120 ገጽ ለሶስት ይከፈላል፣ 30፣ 60፣ 30። እኔ ይሄን እንደ ሚዛን እይዘዋለሁ እንጂ አልታሰርበትም። አንተ ጋ ገጽ 28 አካባቢ አስጎብኚው ሙሉ መጽሐፉ ሊወሰድ እንደሆነና ቀኑን ይወቅ። ገጽ 60 ላይ ቦሱ እንደተነቃበት ሲያውቅ ቀኑን ያቅርበውና መጽሐፉን አሁኑኑ ያስወጣው፣ ግን ከከተማ መውጣት የሚችለው ያው በህዝቡ ግርግር መሀል ስለሆነ እስከ ከተራ የሆነ ቦታ መደበቅ አለበት። የት? እዚህ ጋ ልለምንህ፣ የፋሲልን ገንዳ ተጠቀምበት። በሌላ ጊዜ ደረቅ ነው፣ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይለቀቅበታል። መጀመሪያ ላይ፣ ገጽ 5 ወይ 6 ላይ፣ አስጎብኚው ለቱሪስቶቹ ደረቁን ገንዳና ቦዩን እያሳየ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያስረዳ፣ የተለመደ የስራ ቀን ይምሰል፣ ማንም ልብ አይለውም። በኋላ ከቦሱ ጎረምሶች አንዱ ለከተማው አዲስ የሆነ ልጅ ይሁንና መጽሐፉን ደረቁ ቦይ ውስጥ ይደብቀው። ተመልካቹ ያውቃል፣ አስጎብኚው ያውቃል፣ ልጁ አያውቅም፣ ውሃው ሊለቀቅ ነው። የዘመናት ብራናና ውሃ! አንድም ጥይት ሳይተኮስ ሰው ወንበሩ ላይ አይቀመጥልህም።

ትዊስቱን የት ላስገባ ላልከው፣ ትዊስትህ ጓደኛው ከሃዲ መሆኑ ነው አይደል? መጨረሻ ላይ ድንገት ማውጣቱን ተወው። የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ደጋግሞ የሚያስረዳው ምሳሌ አለ፣ ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ያወራሉ፣ ስር ቦምብ አለ፣ ድንገት ከፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፣ ቦምቡ እንዳለ ቀድመህ ካሳየኸው ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ያስጨንቀዋል። እኔ ይሄን ያመንኩት በመጽሐፍ ሳይሆን ልጅ ሆኜ ትርጉም ፊልም በምናይበት ቪዲዮ ቤት ነው። ከሃዲው መጨረሻ ላይ ሲጋለጥ አንዴ ጩኸት ይሰማና ያበቃል፣ ቀድመን ካወቅነው ግን አክተሩ ሚስጥሩን ሊነግረው አፉን በከፈተ ቁጥር ቤቱ በሙሉ አትንገረው አትንገረው ነበር የሚለው፣ ተርጓሚው ራሱ ድምጹን ዝቅ ያደርግ ነበር። አንተም ገጽ 50 አካባቢ ጓደኛውን ከቦሱ ጋር ሲያወራ ለእኛ ብቻ አሳየን፣ ከዛ አስጎብኚው ቡና እየተፈላ እቅዱን በሙሉ ይንገረው፣ ሲኑን አታሳጥረው፣ አቦል ቶና በረካ ድረስ ውሰደው።

ሌላው መንገድ ዘ ፊውጂቲቭ (1993) የሄደበት ነው፣ ላላያችሁት ይቅርታ ሚስጥሩን ላወጣ ነው። ዶክተር ኪምብል ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ሲሸሽ መጀመሪያ ብር አውጥቶ የሚሰጠው የስራ ባልደረባው ኒኮልስ ነው፣ ሁሉንም ያደረገውም እሱ ራሱ ነው። በሚያሳምን ደግነት ስለገባ ማንም አይጠረጥረውም። ያ ፊልም ሌላም ነገር ያስተምራል፣ ጄራርድ የሚባለው አሳዳጅ ክፉ ሰው አይደለም፣ ስራውን የሚሰራ ጎበዝ የህግ ሰው ነው፣ ግን አክተሩን ፋታ የሚነሳው እሱ ነው። ቶሚ ሊ ጆንስ በዛ ሮል ኦስካር ወስዷል። ያንተ ስክሪፕት ላይ ያለው ፖሊስ ግን ወይ ሰነፍ ነው ወይ ጉቦ በልቷል። ጎበዝ አድርገው ወንድሜ፣ የጠፋው ቅጠል አስጎብኚው ቦርሳ ውስጥ ይገኝና ፖሊሱ በሙሉ ልቡ ሌባው አንተ ነህ ይበለው። ያን ጊዜ አክተሩ በሁለት በኩል ተያዘ፣ ፋይት ሳትጨምር ፊልሙ ከበደ።

ካራክተር ላይ እንምጣ፣ አዎ 14 በዝቷል፣ ቁጥሩን ግን ዝም ብለህ አትቀንስ። ቭላድሚር ፕሮፕ የሚባል ሩሲያዊ በ1928 ባሳተመው ጥናት የሩሲያን ተረቶች በትኖ አይቶ ሰው ቢቀያየርም የስራ ድርሻው ሰባት ብቻ ነው ብሏል፣ ክፉው፣ ጀግናው፣ ላኪው፣ የሚያስፈልገውን ነገር ሰጪው፣ ረዳቱ፣ የምትፈለገዋ ልጅ ከነአባቷ፣ እና ጀግና መስሎ የሚቀርበው ሐሰተኛ። አንድ ሰው ሁለት ሶስት ድርሻ ሊይዝ ይችላል ይላል፣ ለኔ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። አንተ ጋ የሚልከው ቄስ፣ ቁልፉን የሚሰጠው ዕቃ ጠባቂ፣ የብራናውን ታሪክ የሚነግረው መሪጌታ ሶስት ሰው ናቸው፣ ሶስቱንም መሪጌታው አድርጋቸው። እሳቸው ያንን መጽሐፍ ሲከፍቱ፣ እጃቸውን ታጥበው፣ መጋረጃውን ገልጠው ስዕሉን ሲያሳዩት አንድ ሙሉ ሲን ስጣቸው። ሂችኮክ ሁሉም የሚሯሯጥለት ዕቃ ምንም ይሁን ምን ለተመልካቹ ለውጥ የለውም ይላል፣ እኔ ግን ለአንተ ፊልም ይሄ አይሰራም ባይ ነኝ። ከመቅደላ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ጭኖ ከወሰዳቸው መጻሕፍት ውስጥ አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውም ነበሩበት፣ ያ ቁጭት እዚህ እስካሁን አለ። የጎንደር ተመልካች ከአክተሩ በፊት ለመጽሐፉ ነው የሚፈራው፣ ያንን ፍርሃት በነጻ ተሰጥቶሃል፣ ተጠቀምበት።

አምስቱ የቦሱ ጎረምሶች ደግሞ ሁለት ይብቃቸው፣ አንዱ ለከተማው አዲስ የሆነው ልጅ፣ አንዱ ቦሱን የማያምን። ፍቅረኛው አሁን ታግታ ታለቅሳለች፣ ሌላ ስራ የላትም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ቀላል መፍትሄ አለው፣ ብራና የምታጠና ልጅ አድርጋት፣ ቀለሙንና ቆዳውን አይታ እውነተኛውን አስመስሎ ከተሰራው የምትለይ። ያን ጊዜ ቦሱም ይፈልጋታል፣ ፖሊሱም ይፈልጋታል፣ መጨረሻ ላይ የውሸቱን ቅጂ ሻንጣ ውስጥ የምትቀይረው እሷ ትሆናለች። ዳይ ሃርድ ላይ ሆሊ በአባቷ ስም ስለምትጠራ ነው ግሩበር የማክሌን ሚስት መሆኗን ሳያውቅ ብዙ የሚቆየው፣ ሚስጥሩን የሚያወጣው ልጆቿን ቴሌቪዥን ላይ ያቀረበው ጋዜጠኛ ነው። ጋዜጠኛው ትንሽ ሮል ነው ያለው፣ ግን እሱ ባይኖር ታሪኩ ይቀየራል። እያንዳንዱን ካራክተር በዚህ ፈትነው፣ ቢወጣ ምንም የማይጎድል ከሆነ ይውጣ።

ፋይቱንና ማሳደዱን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ እያንዳንዱ ሲያልቅ የሆነ ነገር ተቀይሮ ይለቅ፣ ወይ መጽሐፉ እጅ ይቀይር ወይ አንድ ሰው ያልሰማውን ይወቅ። ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባህር ያሰብከው የባጃጅ ማሳደድ ግን በከተራ አይሆንም፣ መንገዱ ሰው ነው፣ ባጃጅ የት ያልፋል? በእግር አድርገው፣ ታቦት ሲያልፍ ሁሉም ይቆማል፣ አሳዳጁም ተሳዳጁም በአስር እርምጃ ልዩነት ቆመው ይተያዩ፣ እልልታው እስኪያልፍ ማንም አይነቃነቅም። የባጃጁን ወደ ገጽ 28 አምጣው፣ ተራ ቀን ላይ፣ አራዳ ገበያ በኩል።

ፋሲል ግቢ ውስጥ ያሰብከውን ተኩስ ደግሞ ወደ ውጭ አውጣው። የዓለም ቅርስ ነው፣ እዛ ለመቅረጽ ፈቃድ መጠየቅ አለብህ፣ በተኩስ ሲን ደግሞ ይሰጡሃል ብዬ አልጠብቅም። ከግንቡ ውጭ ከፊት በር ወደ ጃንተከል ያለው በቂህ ነው፣ በሩ እንዲታይ ብቻ ካሜራውን አስተካክለው። የቦሱን እቅድ ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው፣ አነብልሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሰፈር ላይ ቡና በሚጠጣበት ለሰው በአፍህ ተርክላቸው፣ ስልካቸውን ያነሱበትን ቦታ ምልክት አድርግበትና እሱንም አብረህ ላክልኝ።